ዕቃ ከነታሪኩ፦ የጎንደርን ሙዚየም እንዴት እንጎብኝ፣ እንዴትስ እንደግፍ

ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አካሄዱ የታወቀ ነው። ጠዋት ፋሲል ግቢ ይገባል፣ ከግንቡ ሥር ፎቶ ይነሣል፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጥቶ ጣራው ላይ የተሣሉትን መላእክት አንገቱ እስኪደነዝዝ ይመለከታል፣ ከሰዓት በኋላ የፋሲለደስን መዋኛ አይቶ ማታ ፒያሳ ይቀመጣል። በማግሥቱ «ጎንደርን አየሁ» ብሎ ይሄዳል። እኛ የከተማዋ ልጆች ደግሞ ከእንግዳው የባስን ነን። በግንቡ አጠገብ በየቀኑ እናልፋለን፤ ሙዚየም የገባነው ግን በተማሪነታችን፣ ያውም ተሰልፈን፣ መምህሩ «አትንኩ!» እያለ ሲጮህብን ነው። ያ መምህር እኔ ራሴ ስለ ነበርኩ ነገሩን በሚገባ አውቀዋለሁ።

ግንቡ ማን እንዳሠራውና ማን እንዳፈረሰው ይናገራል። በግንቡ ዙሪያ የኖረው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ጠላ ጠማቂና ቁም ጸሐፊ በምን በልቶ፣ ምን ለብሶ፣ ምን ይዞ ይኖር እንደ ነበር ግን ከግንቡ አይገኝም። ይህን የሚያውቁት በየቤቱ ሳጥን ውስጥና ቆጥ ላይ የቀሩት ዕቃዎች ናቸው። ለዓመታት ታሪክ ሳስተምር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ዕቃ የሚናገርለት ሰው ካጣ ውሎ አድሮ ማገዶ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የምመክረው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ከቤት ሳይወጡ

በመጀመሪያ የት እንደሚሄዱ ይወስኑ። በጎንደር የታሪክ ዕቃ በአንድ ጣራ ሥር አልተሰበሰበም። ፋሲል ግቢ ራሱ ጣራ የሌለው ሙዚየም ነው፤ ዓፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ ጀምሮ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተከታተሉት ነገሥታት በአንድ አጥር ውስጥ የየራሳቸውን ግንብ አቁመውበታል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ራስ ግንብ ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት አሮጌ ቤተ መንግሥት ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብለው ከተራራው ጥግ ያሠሩት ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በመስታወት ሳጥን ውስጥ እዚያ ይታያል። ከእነዚህ ሌላ በየአድባራቱ ዕቃ ቤት አለ። በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃም ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት፤ የሸክላ ሥራዋ እስከ ዛሬ ይታወቃል።

ሁሉንም በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ያለ ሰው አንዱንም አያይም። አንድ ጠዋት ለአንድ ቦታ ይስጡ፤ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጥበቃውም ጎብኚውም ስለ ምሳ ማሰብ ይጀምራሉ።

ቀኑንም ይምረጡ። ኅዳር 6 ቁስቋም፣ ጥር 7 ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይነግሣሉ። ጥር 10 እና 11 ከተማው በሙሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይተማል፤ በሌላው ጊዜ ደረቅ የሚሆነው መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚሳብ ውኃ ይሞላል። በእነዚህ ቀናት ለበዓሉ ይምጡ፤ ዕቃ ለማየት ግን አይምረጧቸው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት አባት በማኅሌትና በቅዳሴ ተይዘው ሳለ «አባ፣ አንድ ጊዜ ይክፈቱልን» ማለት አያምርም። ከሌላ ከተማ በመኪና የሚመጡ ከሆነ ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጎንደር ካለ ሰው ይጠይቁ፤ ያለፈው ወር ወሬ አይበቃም። በአውሮፕላን የመጣ ሰው የሚያርፈው አዘዞ ባለው በዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከዚያ ወደ መሀል ከተማ መኪና አይጠፋም።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ያውም በዳገትና በቁልቁለት መካከል የተቀመጠች ናት። ከቆላ የመጣ ሰው ወደ ቁስቋም ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሲወጡ ባጃጅ ይያዙ፤ ሲመለሱ በእግር ይውረዱ፤ ከተማዋ ከዚያ አቅጣጫ ስትታይ ነው የምታምረው።

የሚይዙት ዕቃ ጥቂት ነው፦ እርሳስ፣ ደብተር፣ ዝርዝር ብር፣ ነጠላና ካልሲ። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው፤ እስክሪብቶ ብራና አጠገብ ቢፈስ የሚመልሰው የለም። ካልሲውም በምክንያት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው ቁንጫም እንግዳ ከአገሬ ሰው አይለይም።

ከዕቃው በፊት ሕንፃው

ተማሪዎቼን ስወስድ የምሠራው ስሕተት ነበር፤ በሩን እንዳለፍን በቀጥታ ወደ መስታወቱ ሣጥን። በጎንደር ግን የመጀመሪያው የሙዚየም ዕቃ ሕንፃው ነው። ራስ ግንብን ራስ ሚካኤል ስሑል እንዳሠሩት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የገባበት መንግሥት ሁሉ የየራሱን ጉዳይ ፈጽሞበታል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሹማምንቱ ተቀምጠውበታል። ወደ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ግቢው ውስጥ ቆመው መስኮቱን፣ ደረጃውንና ጉልላቱን ይመልከቱ፤ የትኛው የቀድሞ፣ የትኛው በኋላ የተጨመረ እንደሆነ ለመለየት ይሞክሩ።

ለመለየት የሚረዳ አንድ ዘዴ ልንገርዎ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውን መያዣ ይዩ። ጥንታዊዎቹ ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው፤ መልኩ ነጣ ይላል፣ ጥራጥሬው ይታያል። በጣሊያን ዘመን ጥገና ሲደረግ ሲሚንቶ ገባ፤ እርሱ ግራጫና ልሙጥ ነው። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ ድንጋዩ ውስጥ የገባውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሳል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመለሱ። ይህን ያወቀ ጎብኚ ግድግዳውን እንደ መጽሐፍ ይገልጠዋል። በዓይን ግን ነው፤ በጥፍር እየፈገፈጉ የሚመረምሩ ሰዎች አይቼ አዝኛለሁ።

ፋሲል ግቢ ከገቡ በነገሥታቱ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ በአራቱ ማዕዘን የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጉልላት ከተሸከመው ከፋሲለደስ ግንብ ተነሥተው ወደ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ ወደ ታላቁ ኢያሱ፣ ወደ ዳዊት፣ ወደ በካፋ፣ በመጨረሻም ወደ ምንትዋብ። የኢያሱን ግንብ ሲያዩ ጣራው የት ሄደ ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ለማስወጣት ሲዋጉ ከአውሮፕላን የጣሉት ቦምብ እዚህ ግቢ ውስጥም ወድቋል። ልጆች ካሉ የአንበሳ ቤቱን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ቀድመው ካዩት ሌላውን ግንብ አያዩልዎትም።

ትኬት ሲቆርጡ ለፋሲለደስ መዋኛም ያገለግል እንደሆነ ይጠይቁ፤ እስኪመሽ ድረስም አይጣሉት።

አንድ ዕቃ ፊት መቆም

መጀመሪያ ሳይቆሙ አንድ ዙር ይዙሩ። ከዚያ ልብዎ የቀረባቸውን ሦስት ዕቃዎች ብቻ መርጠው ይመለሱ። በእያንዳንዱ ፊት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይቁሙና አራት ነገር ይጠይቁ፦ ከምን ተሠራ? የት ላይ ተጎዳ ወይም ተጠገነ? ማን ይይዘው ነበር? እንዴት እዚህ ደረሰ?

ጋሻ ቢያጋጥምዎ ሰው ሁሉ ፊቱን፣ የብር ጌጡን ያያል። እርስዎ ከተቻለ ጀርባውን ይመልከቱ። የመያዣው ቆዳ በእጅ ላብ ጠቁሮና አልቆ ከሆነ ባለቤቱ ይዞት ውሏል ማለት ነው፤ መያዣው አዲስ ሆኖ ፊቱ ብቻ ያጌጠ ከሆነ ምናልባት የእልፍኝ ጋሻ ነበር። ወፍጮ ቢያዩ መጅ የሄደበትን ጎድጓዳ ይዩ፤ ያን ያህል ድንጋይ ለመብላት ስንት ዓመት ሌሊት መነሣት እንደሚጠይቅ ያስቡ።

ሥዕል ፊት ሲቆሙ ደግሞ የጎንደር ሥዕል ሁለት ስልት እንዳለው ይወቁ። በቀደመው መደቡ ሜዳ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ፣ መስመሩ ቁርጥ ያለ ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በተስፋፋው በሁለተኛው ስልት ፊት ላይ ጥላ ይወድቃል፣ ልብሱ አበባና ጥልፍ ይሞላዋል፣ መደቡም ከቢጫ ተነሥቶ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይደበዝዛል። ከግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ሰው ወጪውን ችሎ ሥዕሉን ያሣለው ነው። በጣና ሐይቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር እንዲህ ተደፍተው ይታያሉ።

የካሜራ ብልጭታ ያጥፉ። ብርሃን ቀለምን በጥቂት በጥቂቱ ይበላል፤ የአንድ ሰው ብልጭታ ምንም አይመስልም፣ ግን የሚያበራው አንድ ሰው አይደለም። ብረትና ብርም አይንኩ፤ የእጅ ላብ ውስጥ ያለው ጨው የጣት አሻራዎን ዝገት አድርጎ ያስቀረዋል።

አራተኛው ጥያቄ፣ «እንዴት እዚህ ደረሰ?» የሚለው፣ በጎንደር ከሁሉ የከበደ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው እዚህ የለም። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አድባራት ዘርፈው መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ አስጓዙ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ጭኖ ሄደ፤ ከዚያ የተወሰዱ ብራናዎች በመቶዎች ተቆጥረው ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳናት የንብ መንጋ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ደርሶ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ በቦታቸው ቅጂ ተክቶ ሄደ። ዋናዎቹ ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ስለዚህ መደርደሪያው ሳስቶ ቢያገኙት «የጎንደር ታሪክ ይህ ብቻ ነው?» ብለው አይፍረዱ። የቀረውን ለማቆየት ይህን ያህል የምነዘንዘውም ለዚህ ነው።

ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ

ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ ይውሰዱ ብባል ይህን አስቀድማለሁ። ወደ ሙዚየም ሲሄዱ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ የነፍስ አባት፣ ማንም ይሁን።

አንድ ጊዜ አክስቴን ይዤ ሄድኩ። የት እንደሆነ ልተወው። በመደርደሪያው ላይ ትልቅ ሸክላ ተቀምጧል፣ ከሥሩ «የሸክላ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ አለ። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ «ምን ይላል?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ታዲያ ሸክላ መሆኑን ዕውርም ይዳስሰዋል። ምን እንደሆነ አይልም?»

«አይልም፣ እትዬ።»

ዞር ዞር ብላ አየችው። «ይህ የጠላ ጋን ነው። አንገቱ ሥር ያለውን ጥቁረት አየኸው? በወይራ ሲታጠን የያዘው ነው። ስንጥቁ ላይ ያለው ደግሞ ልጥፍ ነው፤ የተሰነጠቀ ጋን አይጣልም ነበር፣ እህል ይገባበታል። ይህ ሁለት ኑሮ ኖሯል።» ከዚያ ግራዋ ስለሚታጠብበት አኳኋን፣ ስለ ጥንስስ፣ የዓመት በዓል ጠላ ስለ ጠመቀችበት ሌሊት አወራች። ጥበቃው ወንበር አመጣላት። ሌሎች ጎብኚዎችም ከበቧት። ከሁለት ቃል ጽሑፍ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ ወጣ፤ ያም ታሪክ በእርስዋ ዘንድ ብቻ ነበር የተቀመጠው።

ሽማግሌ ሲወስዱ እንዲህ ያድርጉ። አስቀድመው «ሙዚየም እንሂድ» አይበሏቸው፤ «የድሮ ዕቃ አለ፣ ስሙን ንገሩኝ» ይበሏቸው። መቀመጫ ካለበት ክፍል ይጀምሩ። «ይህ ጋን ነው አይደል?» ብለው መልሱን አያቀብሉ፤ «ይህ ምንድን ነው? እርስዎ ቤት ነበረ ወይ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ፈቅደው ከሆነ በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅዱ። ሲጨርሱ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቦታና ዕድሜያቸውን በራሳቸው አንደበት አስቀድተው ይዝጉ፤ ይህ ከሌለ ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ድምፅ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም።

የዕቃው መግለጫ ስሕተት ወይም ጎደሎ ሆኖ ካገኙት ከጥበቃው ጋር አይከራከሩ፤ እርሱ አልጻፈውም። በአንድ ወረቀት ላይ የዕቃውን ቁጥር፣ የተጻፈውን፣ መሆን የነበረበትንና ይህን የነገረዎትን ሰው ስም ጽፈው ለኃላፊው ይስጡ። ቅጂውን ያስቀሩ። አክስቴ የተናገረችውን እንዲህ አድርጌ ሰጥቼ ነበር።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ

በትውውቅ በነፃ አይግቡ። ትኬት ይቁረጡ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ። መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ይያዙ፤ ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት ይስማሙ። በቤተ ክርስቲያን የሚሰጡትን ከሙዳየ ምጽዋቱ ይክተቱት። ይኸው ነው።

ዕቃ መስጠት

ዋናው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። አያቴ በአርበኝነት ዘመን ከጓደኞቻቸው ጋር የተነሡት ፎቶና አንድ ሜዳይ ነበረን። የሚያዝያ 27 በዓል ሊከበር ሲል አንድ መሥሪያ ቤት «ለኤግዚቢሽን» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ኩራት ተሰምቶኝ በካኪ ፖስታ አድርጌ ሰጠሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ ክብሩን የሚነካ መሰለኝ። ከበዓሉ በኋላ ስሄድ «ነገ ና» ተባልኩ። ነገው ረዘመ፣ የተቀበለኝ ሰው ተዛወረ፣ ቢሮውም ሌላ ሕንፃ ገባ። ፎቶው ጀርባ ላይ የማንም ስም አልተጻፈም ነበርና ዛሬ ከአንድ መሳቢያ ቢገኝ እንኳ ጠመንጃ የያዙ አምስት ሰዎች ከመሆን አያልፍም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ስለዚህ ዕቃውን ተሸክመው አይሂዱ፤ መጀመሪያ ፎቶውን ይዘው ይሂዱ። ሙዚየሙ ሁሉን ነገር አይቀበልም። አሥር ሞሰብ ያለው ሙዚየም አሥራ አንደኛውን ላይፈልግ ይችላል፤ የእርስዎ ሞሰብ ግን ማን እንደሰፋው ከታወቀ ነገሩ ይለወጣል። ቀጥሎ ስጦታ ነው ወይስ ውሰት፣ ይወስኑ። ስጦታ ከሆነ አይመለስም፤ ልጆችዎ በኋላ እንዳይካሰሱ ቤተሰቡን ሰብስበው ይስማሙ። ውሰት ከሆነ የሚመለስበት ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ።

ከዚያ የዕቃውን ቃል ይጻፉ። ረጅም መሆን የለበትም። እኔ በኋላ አንድ የቤታችንን ዋንጫ ስሰጥ የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦

«ዋንጫ፣ ከበሬ ቀንድ። ቁመቱ 22 ሴንቲሜትር፣ አፉ ላይ ስንጥቅ አለው። የአያቴ እናት ሲዳሩ ከአባታቸው ቤት ይዘውት እንደ መጡ ከእናቴ ሰምቻለሁ። ደምቢያ በነበረው ቤታችን ጠጅ ሲጠጣበት በልጅነቴ አይቻለሁ። ስንጥቁን በሰም የደፈነው አጎቴ ነው፤ ሲደፍን አጠገቡ ነበርኩ። ከእናቴ ዕረፍት በኋላ ሳጥን ውስጥ ኖሯል። ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ይመስለኛል።»

«ሰምቻለሁ»፣ «አይቻለሁ» እና «ይመስለኛል» የሚሉትን ሦስት ቃላት ልብ ይበሉ። ሳይለዩ ከቀላቀሏቸው ለተመራማሪ የሰጡት ተረት ነው። «የዓፄ በካፋ ዋንጫ ነው» እያሉ የሚያመጡ ሰዎች አሉ፤ የበካፋ ላለመሆኑ ብዙ መመርመር አያስፈልግም። የአያት ቅድመ አያት ዋንጫ መሆኑ በራሱ ምን ያንሰዋል?

ሲያስረክቡ ሁለት ቅጂ የርክክብ ወረቀት ይፈረም፣ ማኅተም ይደረግበት፣ አንዱ እርስዎ ዘንድ ይቅር። ዕቃውን ከተቀባዩ ፊት ፎቶ ያንሡት። ተቀባዩ ጥሩ ሰው ከሆነ አይቀየምም፤ እርሱንም ከሐሜት ያድነዋል።

እስኪሰጡ ድረስ

አያሳምሩት። የሰው እጅ ዕቃ ሲሰጥ ማጽዳት ይወዳል፤ እናቴ የብር መስቀሏን በሎሚና በአመድ እየፈተገች ታበራው ነበር፣ በመጨረሻ በላዩ የተቀረጸው ስም ጠፋ። ብርን በፈተጉት ቁጥር ከብሩ ይሄዳል። ጋሻ ቅቤ አይቀቡ፤ ቆዳው ከመለስለሱ በፊት አይጥ ይደርሳል። የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር አይለጥፉ፤ ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። ብራና እርጥበትም እሳት ዳርም አይወድም፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ሲገልጡት እጅዎ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። ክረምት ላይ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ሣጥን ይሻግታልና ፈቀቅ ያድርጉት።

ፎቶ በጀርባው በኩል በእርሳስ፣ ዳር ላይ፣ ሳይጫኑ ስም ይጻፉበት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ። በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ፖስታ ያስቀምጡት።

ውጭ አገር ያላችሁ የጎንደር ልጆች ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ እጃችሁ ላይ ሊኖር ይችላል፦ ስትሄዱ በሻንጣ የያዛችሁት የቤተሰብ አልበም። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የፒያሳ ፎቶ፣ የጤና ኮሌጁ ምሩቃን፣ የሠርግ ካሴት፣ የእናት ድምፅ። ዋናውን መላክ የግድ አይደለም። በስካነር ጥራቱን ከፍ አድርጋችሁ ገልብጡና ቅጂውን ከነስሞቹ ላኩ። ካሴት ግን አይጠብቅም፤ ቴፑ እየተበላሸ ነው፣ የሚያጫውተው መሣሪያም እየጠፋ ነው። ከፎቶው አስቀድሙት።

የማይደረግ

ከመንገድ ላይ ወይም ከሆቴል በር አሮጌ ብራና፣ መስቀል ወይም ሥዕል አይግዙ፤ «ላድነው ብዬ ነው» ብለውም ቢሆን። ገዢ ባለ ቁጥር አንድ ሌላ ዕቃ ቤት ይሰበራል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ያስቀጣል፣ ስጦታ ነው ቢሉም አያድንም። ታቦትና ንዋየ ቅድሳት የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እጅዎ ላይ ከወደቁ ለደብሩ አስተዳዳሪ ይመልሱ። መሠረት ሲያስቆፍሩ ሸክላ፣ ሳንቲም ወይም የግንብ ፍራሽ ብቅ ካለ ሥራውን ያቁሙ፣ ዕቃውን ከቦታው ሳያነሡ ፎቶ ይውሰዱና ወዲያውኑ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ። ከቦታው የወጣ ሸክላ ግማሽ ቃሉን እዚያው ጥሎ ይወጣል። ኮንትራክተሩ እንደሚያጉረመርም አውቃለሁ።

ገንዘብም ዕቃም ለሌለው

አናጢ መደርደሪያ ይጠግናል። እንግሊዝኛ የሚችል የዕቃ መግለጫ ይተረጉማል። ግእዝ የሚያነብ መሪጌታ በብራና ኅዳግ ላይ ያሉትን የስጦታና የውርስ ማስታወሻዎች ቢያነብልን፣ ከጽሑፉ ራሱ የማይገኝ የጎንደር የቤትና የመሬት ታሪክ ይወጣል። መምህራን ደግሞ እንደ እኔ «አትንኩ!» እያላችሁ አርባ ልጅ አታስገቡ፤ አሥር አሥር አድርጋችሁ አስገቡና እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዕቃ መርጦ ወደ ቤቱ ሄዶ አያቱን ስለ እርሱ ጠይቆ እንዲመጣ እዘዙ። ከመለሱት መካከል ጥሩውን ጽፋችሁ ለሙዚየሙ ስጡ።

ዕቃ ከሰጡ በኋላ ወር ቆይተው ይመለሱ። «የእኔ ዕቃ መዝገብ ላይ ገባ ወይ? ቁጥሩ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቁጥሩ በዕቃው ላይና በመዝገቡ ላይ አንድ መሆኑን በዓይንዎ አይተው በርክክብ ወረቀትዎ ላይ ይጻፉት፤ ወረቀቱንም ከቤትዎ ካርታ ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡት።